ጋዙ እስኪያልቅ

ወልቂጤ አንድ ምግብ ቤት ተቀምጬ አስተናጋጇ የለስላሳውን ቆርኪ ስትከፍተው «ጭስስ» አለና፣ ይኸው እኔ ሽበታሙ ሰውዬ እንደ ልጅ ሆዴ ባባ። ምን ላድርግ፣ ያ ድምፅ ሁልጊዜ ቡኢ፣ የእናቴ ደጃፍ ድረስ ይወስደኛል።

መስቀል ሲያልፍ ቤታችን ገና ቅቤ ቅቤ እየሸተተ፣ ለበዓሉ የገቡት አዲስ አበቤዎች መመለስ ይጀምራሉ፤ እኛ ልጆች ደግሞ እያለቀስን መኪናቸውን ስለምንከተል፣ አንዱ በከረሜላ ሌላው በፊኛ እየተሸወደ ይቀር ነበር። እኔን ግን መርካቶ የሚነግደው ታላቅ ወንድሜ ወልዴ «ዘንድሮ ወስጄ አስተምርሃለሁ» ብሎኝ ስለነበር፣ ልብሴን በፌስታል ቋጥሬ ደጃፉ ላይ ተሰየምኩ። እሱም ለስላሳ ከፍቶ በብርጭቆ ቀዳልኝና «ይሄ ወደ ላይ የሚወጣው አየር ሳያልቅ መኪና ይዤ መጣሁ። እንዳትጠጣው፣ ጠብቀው» አለኝ።

«እውነቱን ነው እማዬ?»

«እንዴ! ወንድምህ ይዋሽሃል?» አለች እናቴ፣ ለመንገዱ ብላ እግሬን እያጠበችልኝ።

ጠበቅሁ። አረፋው ከብርጭቆው ሥር እየተከታተለ ይወጣና አፍንጫዬ ሥር ይፈነዳል፤ እየቆየ ግን ሳሳ። ደንግጬ፣ ትልልቆቹ ልጆች ሲያደርጉ እንዳየሁት ስኳር ብጨምርበት ገንፍሎ ፈሰሰ፤ «ተመለሰ!» ብዬ ጨፈርኩ። ወዲያው ጭጭ አለ። ጋዙ በግፊት ውሃው ውስጥ ታምቆ እንደሚቆይ፣ ቆርኪው ሲነሳ ግፊቱ እንደሚለቀው፣ የስኳሩ ቅንጣት ደግሞ አረፋው የሚቋጠርበት ቦታ እየሆነ የቀረውን ሁሉ አጣድፎ እንደሚያስወጣው የተማርኩት ኋላ፣ እዚያው ቡኢ ነው። ለወልዴ ጊዜ የጨመርኩለት መስሎኝ ነበር፣ የኔ ነገር!

ሲመሽ እናቴ «በል ግባ፣ ይበርድሃል» አለችኝ። ለምን ቀረ አላለችም፤ መንገዱንም አላየችም። ያኔ ገባኝ።

ወልዴ በዓመቱ ጫማ ይዞልኝ መጣና ጉዴን ለእንግዳ እየተረከ ቤቱን በሳቅ አደባለቀው። እሱን ይቅር አልኩት፤ ነጋዴ ነው፣ ማግባባት ለምዶበታል። እማዬ ግን አብራ ከት ብላ ሳቀች።

እወዳት ነበር፣ እግዜር ያውቃል። ያንን የዋህ እምነቴን ግን ዳግም አላገኘሁትም። በመጨረሻ ሆስፒታል ተኝታ እጄን ይዛ «ደህና ነኝ ልጄ፣ ሂድ ሥራህን ሥራ» ስትለኝ፣ ግንባሯን ስሜ ወጣሁና ሐኪሙን ጠየቅሁት።