የደከመ ባትሪ

ዛሬ ኮምቦልቻ ልጄ ቤት፣ የልጅ ልጄ የሪሞቱን ባትሪ ድንጋይ አውጥታ መስኮቱ ላይ በፀሐይ ስታሞቀው አየሁና ልቤ ደሴ፣ አባቴ ቤት ገባ።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ክረምት። ወንድሜ ሰዒድ ታፍሶ ወደ ግንባር ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። አባቴ ዜና እንዳያመልጠው ይቁነጠነጣል። የራዲዮኑ ድንጋይ ደክሟል፣ የጦሳ ተራራ ደግሞ በጉም ተሸፍኖ ፀሐይ የለችም። ስለዚህ ድንጋዩን ብብቱ ውስጥ ሲያሞቀው ይውላል።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ራዲዮኑ ስለ ግንባር ምንም አላለ። ሰው አልባ መንኮራኩር ኔፕቱን ወደምትባል ሩቅ ዓለም ተቃርባለች ብሎ፣ እየሰለለ እየሰለለ ጠፋ። ከመግሪብ ሶላት በኋላ አባቴ እጁን ዘርግቶ፣ «ያ ረቢ፣ መንገደኛን ሁሉ በሰላም መልስ፤ ያችንም መንኮራኩር» አለ።

ጎረቤታችን ጋሽ ይመር ሳቀ። «የሰዒድ አባት፣ ሰው የለባትም እኮ። ለብረት ነው ዱዓው?»

«ለላኪዎቿ ነው። መንገደኛ የላከ ሰው እንቅልፍ የለውም።»

«እሷ እንደሁ አትመለስም ተብሏል። አልፋ ነው የምትሄደው።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እናቴ ቀና ብላ አባቴን አየችው። የተዘረጋ እጁን ሳያጥፍ ቆየ። ኋላ ድንጋዮቹን ከራዲዮኑ አውጥቶ ብብቱ ውስጥ ከተታቸው።

«ድንጋዩ ደክሞ ነው፣ ይመር። አጣመህ ነው የሰማኸው።»

«እማማ፣ ሞቀ?» ትለኛለች የልጅ ልጄ። ለካ ድንጋዩን ከመስኮቱ አንስቼ ጨብጬዋለሁ።

«ገና ነው» አልኳት።