ደራሽ ውሃ የመጣበት መጽሐፍ

ልጄ ለምትማርበት ትምህርት ቤት ከአዲስ አበባ መጻሕፍት በካርቶን መጡ። ቤተ መጻሕፍት ከመግባታቸው በፊት ወላጅ ይያቸው ተባለና ሁለት ሰዎች ተመረጥን። አንዷ እኔ ነኝ፤ ሸዋ ሮቢት መንገድ ዳር ሱቅ አለኝ። ሌላው ወንዙ ዳር ማሾና ሽንኩርት የሚያመርቱ፣ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ ሽማግሌ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ፣ ቤተ መጻሕፍቱን የምትይዘው ወጣት መምህርት ባለችበት ክፍል ነበር የምንገናኘው። ሙቀቱ ሰውን ያፈዛል። የማንጎው ጥላ ወለሉ ላይ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። የሳቸው ዓይን ስለደከመ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እሳቸው ጨፍነው ያዳምጣሉ። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሎኝ ዝም ስል፣

“ቀጥይ እንጂ፤ ቀበሮዋ ምን ሆነች?” ይሉኛል።

መጀመሪያ እሳቸው ያከርራሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ግን አብዛኛውን “ይግባ” እያሉ አሳለፉት።

አንድ ቀን አንድ ቀጭን መጽሐፍ ደረሰን። እህትና ወንድም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ወንዝ ይሻገራሉ። “ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር” የሚለውን አነበብኩና ድምፄ ቆመ። ክፍሉ ከእኔ ራቀ። እኔ ያደግኩበት ካራቆሬ ነበርኩ፤ ልጅ ነበርኩ፤ እግሬ ስር የወንዝ አሸዋ ይሞቅ ነበር። በቆላ ጎርፍ ከዝናብ ጋር አይመጣም። ደጋው ላይ ይዘንባል፤ እኛ ጋ ፀሐይ ነው። መጀመሪያ የአፈር ሽታ መጣ፣ ቀጥሎ እንደ ከባድ መኪና የሚያጓራ ድምፅ። ወንድሜ የወለቀ ኮንጎ ጫማውን ሊያመጣ ወደ ኋላ ዞሮ፣ “መጣሁ!” አለኝ። አልመጣም።

መጽሐፉን ዘጋሁት።

“ይሄ አይግባ።”

“ነውር አገኘሽበት?”

“ነውርስ የለውም ጋሼ። ልጆችን ያስፈራል።”

ዓይናቸውን ገልጠው ለረጅም ጊዜ አዩኝ። “ማንን ነው ውሃ የወሰደብሽ?”

ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እናቴ ስሙ ቤታችን እንዳይጠራ ከልክላ ነበር። ልጄም አጎት እንደነበራት አታውቅም።

“ወንድሜን” አልኩ።

“አላህ ያጥናሽ።” አሉና ወደ መጽሐፉ ጠቆሙ። “የልጅ ልጄን፣ ‘ከራስሽ በላይ ባለው ሰማይ አትተማመኚ፣ ወደ ደጋው፣ ወደ ጣርማ በር እዪ፤ ከጠቆረ አትሻገሪ’ እላታለሁ። የሽማግሌ ጭቅጭቅ ይመስላታል። ወላሂ፣ ይሄን ብታነብ ትሰማኝ ነበር።”

“ከዚህ በላይ ማንበብ አልችልም።”

“አንቺ አታንብቢ። መምህርቷ ትጨርስልን፤ አንቺ ውጪ ጥላው ስር ተቀመጪ።”

አልወጣሁም። መምህርቷ ተቀብላኝ ጮክ ብላ አንብባ ጨረሰችው። መጨረሻው ላይ እህትየው ወንዙ ዳር ቆማ የወንድሟን ስም ትጣራለች። እኔ በነጠላዬ ፊቴን ሸፍኜ አለቀስኩ፤ ሁለቱም እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ፣ “ይግባ” አልኩ።

ክረምቱ ሲቃረብ ልጄ መጽሐፉን ራሷ መርጣ ተዋሰችው። ሱቄ ውስጥ የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጣ ስታነብ ቆየችና ቀና አለች።

“እማዬ፣ እውነት ውሃ እንዲህ ይመጣል?”

አጠገቧ ተቀመጥኩ። የወንድሜን ስም ጠራሁላት። ከአፌ ሲወጣ ድምፄ የሕፃን ድምፅ ሆነብኝ።

“ማነው እሱ?”

“አጎትሽ።”

“ምን ዓይነት ልጅ ነበር?”

ደንበኛ መጥቶ ባንኮኒውን ያንኳኳል። እኔ ግን ሲዘፍን ዜማ ይስት እንደነበር፣ ጥርሱ ወልቆ ሲስቅ እንዴት ያምር እንደነበር እየነገርኳት ነበር።