የላይኛው መደብ

በንጉሡ ዘመን ሐረር ውስጥ፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለ ሆስፒታል ድሬሰር ነበርኩ። ሽባ የሆነን ሰው እርምጃ የሚያለማምድ ባለሙያ ስላልነበረ ሐኪሙ ጥቂት ወር አሠልጥኖ ሥራውን እኔ ላይ ጣለው። ማን በዱላ እንደሚሄድ፣ ማን ተቀምጦ እንደሚቀር ወሳኙ እኔ ሆንኩ። መወሰን ደግሞ እወድ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ።

አንድ ቀን ከጀጎል አንድ መጽሐፍ ጠራዥ ሽማግሌ መጡ። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏል። የልጃቸው ኒካህ ሊታሰር ሁለት ወር ቀርቶታል። በእነሱ ቤት እንግዳ የሚቀመጠው ቀይ አፈር በተቀቡ፣ ደረጃ በደረጃ ከፍ በሚሉ መደቦች ላይ ነው፤ አባትና ሽማግሌዎች ከላይኛው። እሳቸው ታዲያ ሰው ተሸክሟቸው ከሚወጡ ጭራሽ ባይገኙ ይመርጣሉ።

በሆስፒታሉ ኮሪደር ጀመርን። በወሩ በዱላ ከዳር እስከ ዳር ሄዱ። ደረቴን ነፍቼ ለሐኪሙ ነገርኩና ወደ ቤታቸው ይዣቸው ሄድኩ። ታክሲው ግንቡ ውስጥ ፈረስ መጋላ አደባባይ አወረደን። ከዚያ ወዲያ ድንጋይ የተነጠፈበት ጠባብ ቁልቁለት ነው። አሥር እርምጃ ሳይሄዱ ዱላው ድንጋይ መሐል ተቀረቀረ፤ ባልይዛቸው ኖሮ በአፍጢማቸው ተደፍተው ነበር። ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ሳለ ንዴቴን እሳቸው ላይ ተወጣሁት፤ ታችኛው መደብ ላይ ቢቀመጡ ምን ይሆናሉ አልኳቸው። ፊታቸውን አዞሩብኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ባለቤታቸው ሲሰሙ ሳቁብኝ። በዚህ መንገድ ድሮስ ሰው በዱላ ይሄዳል ወይ፣ ግድግዳው ምን ሊሠራ ቆሟል አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ መንገዱ እጅ ሲዘረጉ ሁለቱንም ግድግዳ ያስነካል። ኮሪደሩን እርግፍ አድርጌ ተውኩት። በየጠዋቱ ጀጎል እገባለሁ፤ ሽማግሌው በደህና እጃቸው ግድግዳውን እየተደገፉ፣ ጎረቤቱ ማሻአላህ እያለላቸው ይሄዳሉ። ቀጥሎ መደቡን መውጣት ተለማመድን፤ ደህናው እግር ይቀድማል፣ የታመመው ይከተላል።

የኒካሁ ዕለት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። የመጨረሻው ደረጃ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ተንቀጠቀጠ። አንድ እንግዳ ሊደግፋቸው እጁን ሲሰድ፣ “ማንም እንዳይነካቸው!” ብዬ ጮኽኩ። ሰውየው እጁን ሰበሰበ። ሽማግሌው ወጡና ተቀመጡ። እኔ ክርስቲያኑ ከሁሉ ቀድሜ አልሃምዱሊላህ አልኩ፤ እንባዬ መጥቶ ነበር።

ኒካሁ ታሰረ፣ ተበላ፣ እንግዳው መውጣት ጀመረ። ሽማግሌው ግን ንቅንቅ አላሉም። በዓይናቸው ጠሩኝና ስቀርብ በሹክሹክታ፣ “ልጄ፣ መውረዱን መቼ ነው ያስተማርከኝ?” አሉኝ።

ለካ በልምምዱ ሁሉ ሲወርዱ በብብታቸው ይዤ የማወርዳቸው እኔ ነበርኩ። ያ ሁሉ ሰው ፊት ደግሞ እንዴት አድርጌ ልያዛቸው? አጠገባቸው ቁጭ ብዬ የመጨረሻው እንግዳ እስኪወጣ ጠበቅን። ከዚያ ሁለታችንም በሳቅ እየተንፈራፈርን፣ አሁን የታመመው እግር ይቅደም አልኳቸው።