በቡና መጋዘን ውስጥ የተሰማ ብርሃን

ናስትሮ ስቀድ ጣቴ ላይ የሚቀረው የጎማ ሽታ ዛሬም መቱ ወዳለው የቡና መጋዘን ይመልሰኛል። አራት ነበርን፦ ፊዚክስ የሚያስተምረው፣ በዕድሜ ብዙም የማይበልጠኝ መምህር፤ የመጋዘኑ ባለቤት ሀጂ፤ ቁልፍ የምትይዝላቸው ልጃቸው፤ ሬዲዮና ሞባይል መጠገን ማንም ሳያስተምረኝ የለመድኩት እኔ። ሌላ ሰው አልነበረም። ድመቷን እንኳ አስወጥተናታል።

መምህሩ ከባሕር ማዶ ተመራማሪዎች ጋር ሲጻጻፍ ኖሮ በመጨረሻ አንድ የብርሃን መለኪያ ልከውለት ነበር። የጠርሙስ አንገት የመሰለ የመስታወት ዕቃ ነው። ጨለማ ቁስ የሚሉት፣ ዓለምን ሞልቶ ማንም ያላየው ነገር፣ ሲያልፍ ምናልባት ደካማ ብልጭታ ይተው ይሆናል ብለው ከመሬት በታች የሚጠብቁት በእንዲህ ያለ ዕቃ ነው። ብልጭታውን ከማመናቸው በፊት ግን ዕቃው በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ምን ያህል በከንቱ እንደሚነቃ፣ ለትንሿ ብርሃንም እንዴት እንደሚመልስ መታወቅ አለበት። መምህሩ ይህን በትክክል ከለካ ከእነሱ ጋር መሥራቱን ይቀጥላል። ካልቻለ ዕቃው ለሌላ ይሰጣል። ዕቃውን ከነልኬቱ አዲስ አበባ የሚያደርስለት መኪና ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ይነሳል።

መጋዘኑን የመረጥነው መስኮት ስለሌለው ነው። ዕቃው ብርሃን በያዘ ቁጥር ጠቅ እንዲል ከአሮጌ ሬዲዮ የፈታሁትን ድምፅ ማጉያ ገጠምኩለት። በሩን ዘግተን መምህሩ ማብሪያውን ሲጫን ጠቅታው እንደ ፈንዲሻ ተንጣጣ።

«ጣሪያው ያፈሳል» አለ። ብርሃን ማለቱ ነው።

ከጎረቤታችን ከሁሩሙ የመጣ የንብ ሰም እያለሰለስኩ የሚስማር ቀዳዳውን ሁሉ ደፈንኩ፤ የበሩን ዳር በናስትሮ አሸግሁ። ልጅቷ መሰላሉን ከታች ይዛ «አንተ ናስትሮ፣ ንቦቹ ቀፎ መስሏቸው ይመጡብሃል!» ትለኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። ሀጂ ግን ከጆንያው ላይ አይነሱም። እንግዳን ጥሎ መሄድ በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። በጨለማው ውስጥ የሙስባሃቸውን ዶቃዎች እየቆጠሩ አብረውን ይቀመጣሉ። ሰሙም ናስትሮውም ጠቅታውን አልቀነሱትም። መብራት ከጠፋ ሰነባብቶ ስለነበር የምንሠራው በመኪና ባትሪ ነው፤ እሱም እየደከመ ነበር። መምህሩም ደክሞታል።

«ተወው በቃ» አለኝ ዓርብ ጠዋት። «እዚህ አገር ጨለማም በወጉ አይገኝም።»

ሀጂ ለጁምዓ ሲወጡ በሩን መልሰን ዘጋን። መምህሩ ማብሪያውን ያለ ተስፋ ተጫነው። ጸጥ አለ። አንድ ጠቅታ፣ ቆይቶ ሌላ።

«ማል ታኤ? ምን ሆነ?» አለች ልጅቷ። ከዚያ ሳቀች። «አባዬ ሲወጣ ነው እኮ ጸጥ ያለው። ልክ እንደ ቤታችን!»

መምህሩ አልሳቀም። «ሙስባሃቸው ከምንድን ነው የተሠራው?»

«እኔ እንጃ። እናቴ ከመካ ያመጣችለት ነው። ድሮ በጨለማ አረንጓዴ ያበራ ነበር። ከጠፋ ግን ቆየ።»

ለእኛ ዓይን ጠፍቷል። ደጅ የጠጣውን ብርሃን ግን እዚህ ጨለማ ውስጥ ቀስ እያለ ይመልስ ኖሯል።

ልኬቱን አንድ ጊዜ እንደጨረስን ሀጂ ተመለሱ። መምህሩ በር ላይ ተቀበላቸው።

«ሀጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሲረብሸን የሰነበተው የእርስዎ ሙስባሃ ነው። አሁንም ያበራል።»

ሀጂ ሙስባሃውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። «ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ ሲያበራ አላየሁትም። ዓይኔ ነው እንዴ?»

«የማንም ዓይን አያየውም። ዕቃው ነው የሚያየው።»

«እስቲ መምህር፣ ላዳምጠው።»

መምህሩ ባትሪውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። የቀረው ኃይል ለአንድ ጊዜ ቢበቃ ነው። በዚያም ልኬቱን ሊደግም አስቦ ነበር፤ ያልተደገመ ልኬት እሱ ራሱም አያምንም።

«በሩን ዝጋው» አለኝ።

ሀጂ ሙስባሃውን ወደ ዕቃው አስጠግተው ያዙ። ጠቅታው መጀመሪያ ተጣደፈ፤ ኋላ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ። የቡናው ጆንያና የሰሙ ሽታ አፍኖናል። ዝናብ ቆርቆሮውን መታው። ሀጂ በኦሮምኛ ዝግ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ። ከዚያ ባትሪው ሞተ።

ልኬቱ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ብቻ ነው የሚል መልስ ከባሕር ማዶ መጣ። ሌላ ዕቃ አልተላከም። መምህሩ ይህን ለሀጂ አልነገራቸውም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። እሳቸው ወደ አኼራ ከሄዱ ቆዩ። መምህሩ ጎሬ ያስተምራል። መጋዘኑ ሲሚንቶ ይሸጥበታል፤ ሰሜ ግን አሁንም ጣሪያው ላይ አለ፤ ባለፈው ሳልፍ ቀና ብዬ አይቼዋለሁ።

የጎደለ ካለ እዚያ የነበራችሁ ሙሉልኝ። መምህር፣ ያን ቀን በሩን ዝጋው ባላልኩት ኖሮ ብለህ ታውቃለህ? አንቺም ከአባትሽ ጎን ነበርሽ። እኔ ከዝናቡ የተነሳ አልሰማኋቸውም። ለእናትሽ ምን አሏት?