በመኪና በኩል ይሄዱ የነበሩት አጎቴ

አጎቴ ዳገቱን በብስክሌት ይወጡና ቁልቁለቱ ላይ ወርደው ይገፉ ነበር። ሌላው ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። የባጃጅ ሾፌሮች «አባባ፣ ዛሬም ብስክሌቱን ሽርሽር ይዘውት ወጡ?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እሳቸውም «እኔን ሲሸከም አርጅቷል፣ ትንሽ ይረፍ» ይሏቸዋል።

ለእኔ ግን አንድ ቀን «ዳገቱ ሲያደክመኝ ማቆም እችላለሁ። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ ቢለኝ ማንን እለምናለሁ?» አሉኝ።

ልጄ በብስክሌት አሶሳ እየሄደች እንድትማር የፈቀድኩት በእሳቸው ተማምኜ ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። እሷ እንዳታቋርጥ እፈልጋለሁ፤ መንገዱን ግን እፈራለሁ። ጠዋት አብረው ይወጡና በሆሞሻ መንገድ ቁልቁለቱ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም ከብስክሌታቸው ይወርዱ ነበር። አጎቴ ሁልጊዜ እሷን በዳር አድርገው፣ ራሳቸው በመኪናው በኩል ሆነው ይገፉ ነበር።

በክረምቱ ታመው አረፉ። ትምህርት ሲከፈት ታናሽ ወንድሟን አዝዬ እስከ ቁልቁለቱ ተከተልኳት። በየቀኑ እንደዚያ ማድረግ አልችልም። «ውረጂ» ልላት ስል ቀድማኝ ወረደች። የእሳቸውን ቦታ ክፍት ትታ፣ ዳሩን ይዛ፣ ቀስ ብላ መግፋት ጀመረች። ከኋላዋ አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ መጣና በዚያው በክፍቱ ቦታ አለፈ። ንፋሱ የደንብ ልብሷን ገለበው።

ጋሼ፣ ነፍስዎን ይማር። በመኪናው በኩል የሚሄድላት ሰው አላገኘሁም።