ሳልጽፋት የቀረችው ዕጣ

በዚያ ጠዋት ነቀምቴ፣ በማዳበሪያ ማከፋፈያ ቢሯችን አራት ነበርን፦ ኃላፊያችን ኦቦ ገመቹ፣ የመጋዘን ኃላፊውና የቢሮው ዕቁብ ዳኛ ጋሽ ሸምሱ፣ የሥራ ባልደረባዬ ጫልቱ፣ እና እኔ። ከአራታችን የሆነውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩትም።

ዘመኑ ገበሬው በመንደር ምሥረታ የሚሰበሰብበት ነበር። ለቢሮው ኮምፒውተር መጣ። እኔና ጫልቱ ከአንድ መጽሐፍ ብቻ ተምረን፣ ለየገበሬ ማኅበሩ የሚወጣውን ማዳበሪያ የሚመዘግብ ፕሮግራም ለየብቻ ጻፍን። አንዱ ይመረጣል፤ የተሸነፈው ሩቅ ገጠር፣ ኪራሙ ይዛወራል። ጫልቱ እዚያው ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር የታመሙ እናቷን ትጦር ነበር።

«የላይኛው መመሪያ እንደ ነቀምቴ ሰማይ ነው» አሉ ጋሽ ሸምሱ። «ጎበዙ ፕሮግራም ዣንጥላ የያዘው ነው።»

ስለዚህ ነገ ሊመጡ የሚችሉ ስምንት የመመሪያ ለውጦች ተነጋግረን ያዝን። በወረቀት ተጽፈው አምስቱ እንደ ዕቁብ በዕጣ ይወጣሉ፤ ሁለታችንም ተራ በተራ፣ በሰዓት እየተለካን፣ ፕሮግራማችንን ለለውጡ እናስተካክላለን። ጽሕፈቴ ንጹሕ ስለነበር ወረቀቶቹን እኔ ጻፍኩ። ሰባት ጻፍኩ። «ሁለት ማኅበራት አንድ ቢሆኑ» የሚለውን ተውኩት። ለምን? የማኅበሩን ስም በፕሮግራሜ ውስጥ ሃያ ሦስት ቦታ በትኜው ስለነበር ነው። ረስቼው ነው ልበል? አልረሳሁም።

የዕቁብ ዕጣ ሁልጊዜ ጮክ ብለው የሚቆጥሩት ጋሽ ሸምሱ ያን ቀን ወረቀቶቹን ሳይቆጥሩ በኮፍያቸው አቀረቡ። «የጻፍከው አንተ ከሆንክ ምን ያስቆጥረኛል?» አሉ።

በጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት አሸነፍኩ። ጫልቱ ሳቀች። «ያ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ጣትህስ ፈጠነ፤ ግን ስንት ቦታ ነካካህ?»

በምሳ ሰዓት ብቻዬን ቀርቼ ያስቀረሁትን ለውጥ በእሷ ዲስክ ላይ ሞከርኩ። አንድ መስመር ብቻ ነካሁ። ያለፈው ወር፣ የዘንድሮው፣ የየወረዳው ዝርዝር ሁሉ ራሱን አስተካክሎ መጣ። እጄን ከቁልፎቹ ላይ አንስቼ ተቀመጥኩ። በመጽሐፋችን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። የሚመጣውን ታውቅ ነበር? አታውቅም፤ የማታውቀው እንዳለ አምና ቦታ ተወችለት እንጂ። ከዚያ ወዲህ ያን ያህል ያስደነቀኝ የሰው ሥራ አላየሁም።

ኦቦ ገመቹ ከግድግዳው ማዶ ነበሩ። ጫልቱ ገና መሳቢያዋን ባዶ አላደረገችም። ሄጄ አልተናገርኩም። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ እሷም ወጣት ነበረች።

ኦቦ ገመቹ፣ ጋሽ ሸምሱ፣ ያጎደልኩት ካለ ሙሉልኝ። ጫልቱ፣ አንቺ ኪራሙ ሳለሽ እናትሽን ማን እንዳስታመማቸው እኔ አላውቅም። እሱን አንቺ ጨምሪበት።