ታጥቦ ያለፈው ቫን

ፎኮ ሃርምስን እንደ ታጠበ ሞተር የሚያናድደው ነገር የለም። ከባሕሩ ግድብ ጀርባ ባለችው መንደር ጋራዥ ከከፈተ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። የመንደሩ ሰው ዓመታዊ ምርመራ ሲደርስበት መኪናውን ከሥሩ በግፊት ውሃ ያሳጥባል፤ እንደ ሙሽራ አሳምሮ መርማሪው ፊት ያቀርባል፤ ቦሎውን አስለጥፎ ይመለሳል። ዘይት ከየት እንደሚያፈስ የሚናገረው ቆሻሻው ሆኖ ሳለ፣ እነሱ ምስክሩን አጥበው ያባርሩታል! "ሌባ እንኳ አሻራውን እንዲህ አያጠፋም" እያለ ፎኮ ይንጨረጨራል። ይንጨረጨር እንጂ የመንደሩ ብቸኛ ማጠቢያ ያለው በእሱው ጋራዥ ነው፤ አንድም ቀን እምቢ ብሎ አያውቅም።

አንድ እሑድ ጠዋት ሂልከ ሃያ ስምንት ዓመት የሞላውን ቫኗን እያስጓራች ግቢው ገባች። ሂልከ ጡረታ የወጣች ፖስተኛ ናት፤ የቤተ ክርስቲያኑን አረጋውያን መዘምራን የምታመላልሰው እሷ ነች። ከወደቡ ማዶ ባለችው ደሴት ላይ ሊዘምሩ ወደ መርከቡ የሚሄዱት ሰባቱም ከኋላ ተደርድረዋል።

"ሞይን፣ ደህና አደርክ ፎኮ! ትንሽ ዘይት ጨምርልኝና ልሂድ። ግቢዬ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል።"

"ከየት ጋ ነው ጠብ የሚለው?"

"እኔ ምን አውቄ! ከሥሩ ነዋ። ዓርብ ዕለት ቦሎ ተለጥፎለት የለ እንዴ፣ ምን ያስጨንቅሃል?"

"ቦሎ መኪና ያቆማል? ንገሪኛ!"

የሰማንያ ስምንት ዓመቷ ቴዳ ከውስጥ ሆነው መስኮቱን ደበደቡ። "አንተ ልጅ! መርከቡ አንተን አይጠብቅም!"

"እሺ አክስቴ፣ እሺ" አለ የስድሳ ሦስት ዓመቱ ልጅ። ከዚያ ለሂልከ "የእጅ ፍሬኑን ያዢና የፍሬን ፔዳሉን ደጋግመሽ ርገጪ" ብሎ፣ ካርቶን ቀድዶ ከቫኑ ሥር አነጠፈና በጀርባው ተንፏቆ ገባ።

ከፊት በኩል ጥቁር ጠብታ አገኘ። የሞተር ዘይት ነው፤ እስከ ሰኞ ይቆያል። ከራዲያተሩ ሥር ያለው አረንጓዴ ጠብታ ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል፤ እሱም ይቆያል። በግራ የኋላ ጎማ አጠገብ የወደቀው ሦስተኛው ግን ውሃ ይመስላል። በጣቱ ነካው። ያሟልጫል፤ የፍሬን ዘይት ነው። ቀና ብሎ ሲያይ የባሕር ጨው የበላው የፍሬን ቱቦ አልቦታል።

ፎኮ እዚያው እንደተንጋለለ ደረቀ። ሐሙስ ዕለት ይህን ቫን ያጠበው ራሱ ነው፤ ይህችኑ እርጥበትም አይቷታል።

"ሂልከ፣ ባለ በሌለ ኃይልሽ ርገጪው!"

ረገጠችው። ቱቦው ፈነዳ፤ ፔዳሉ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። ከዚህ ወደ ወደቡ የሚወስደው መንገድ ግድቡን ተሻግሮ ቀጥ ብሎ ወደ ውሃው ይወርዳል። ሂልከ ሞተሩን አጥፍታ ወረደች።

"ያ መርማሪ ተብዬ! አንገቱን ነው የማንቀው! ዓይኑ የት ሄዶ ነው ያሳለፈው?"

እውነት ለመናገር፣ ፎኮ አብሯት ሊሳደብ አፉን ከፍቶ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሲሳደብ ኖሮ ለአንድ ቀን ምን አነሰው! ግን ዘይቱ ጣቱ ላይ ነው።

"ምኑን ይይ?" አላት። "አጥቤለት! እኔ ሐሙስ አይቼዋለሁ ሂልከ። እርጥብ ነበር። የራሴ ውሃ ነው ብዬ አለፍኩት።"

ሂልከ አፍጥጣ አየችው። ከዚያ የቫኑን የጎን በር በኃይል ስባ ከፈተችው።

"ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ለነሱ ንገራቸው!"

ሰባቱ ሽማግሌዎች የመዝሙር ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ወደ እሱ ዞሩ። ቴዳ ስለ መርከቡ ሊቆጡ ጀምረው ፊቱን ሲያዩ ተዉት። ፎኮ ቆቡን አወለቀ።

"ልገድላችሁ ነበር" አለ።